የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሽ የሚሆነው በመጨመቅ ብቻ አይደለም፦ ተማሪዎቼ የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ኬሚካል ምህንድስና ሳስተምር አንድ መልስ በየዓመቱ ይመጣብኛል፦ «ቲቸር፣ ጋዙን በደንብ ከጨመቅነው ፈሳሽ ይሆናል።» አይሆንም! ስንቴ ልበል?

ባለፈው አንዷ ጎበዝ ተማሪዬ የቤቷን ቡታ ጋዝ ምስክር አድርጋ ጠራች። «ሲሊንደሩን ስወዘውዘው ውስጡ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ግፊት አይደል ፈሳሽ ያደረገው?» እውነቷን ነው። ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። እነሱን በቤት ሙቀትም ግፊት ብቻውን ፈሳሽ ያደርጋቸዋል። የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ በብዛት ሚቴን ነው። ሚቴን ከዜሮ በታች 82.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ ግፊት ፈሳሽ አያደርገውም። በግንቦት ሙቀት ጣና ዳር ብትጨምቁት የታመቀ ጋዝ ታገኛላችሁ፤ በቃ።

ግፊት ሥራ የለውም አላልኩም። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃችንም 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። እዚህ ባቄላ የቀቀለ ሰው ያውቀዋል። ጋዙን ፈሳሽ የሚያደርገው ፋብሪካም በግፊት እንዳለ ያቀዘቅዘውና መጨረሻ ላይ ግፊቱን ይቀንስለታል። ያኔ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። መጠኑም ከጋዙ 600 እጥፍ ያህል ያንሳል። በመርከብ መጫኑ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ጋዙን ከማቀዝቀዝ በፊት ማጣራቱን የሚዘሉም አሉ። በዚያ ብርድ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ሆነው ቱቦውን ይዘጉታል። ሜርኩሪ ደግሞ የማቀዝቀዣውን አሉሚኒየም ይበላል። አልጄሪያ ስኪክዳ ባለው የጋዝ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የማቀዝቀዣውን አሉሚኒየም ያበላሸው እሱ ነው።

ፈሳሹ የሚቀመጥበትን ታንክ ከተራ ብረት አትሥሩት። ተራ ብረት በዚያ ብርድ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

የመጨረሻውን እኔም ተሳስቼበታለሁ። ማስተማር ስጀምር «መርከቡ ላይ ትልቅ ፍሪጅ አለ» ብዬ ነበር። በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ታንኩ ሙቀት እንዳይገባው በደንብ ተሸፍኗል፤ ያም ሆኖ ትንሽ ትንሽ ይገባል። በገባው ሙቀት ጥቂቱ ፈሳሽ ይተናል፣ ሲተንም ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ የቀረው እንደቀዘቀዘ ይቆያል።

ይህን ለማሳየት አሁን ክፍል የምገባው ውሃ የተሞላ የሸክላ እንስራ ይዤ ነው። ላብ ያወጣውን ጎኑን በእጃቸው ይነኩታል። «ይቀዘቅዛል!» ይላሉ። የእንስራው ትነት አየር ላይ ይቀራል። የመርከቡ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሞተሩ ሄዶ ነዳጅ ይሆናል።