ኒዮን ቴትራና የአዳማ ሙቀት

በመስታወት ገንዳ የማሳድጋቸው ትናንሽ ዓሦች፣ ኒዮን ቴትራዎቼ፣ ጠዋት ደህና ናቸው። ከሰዓት በኋላ ግን ውሃው ገጽ ላይ ወጥተው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ቴርሞሜትሩ 29 ዲግሪ ይላል። የሚስማማቸው ከ20 እስከ 26 ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል።

የመስታወት ክዳኑን አንስቼ በወንፊት ሽቦ ተካሁት፤ ዓሦቹ ይዘላሉና ክፍት አይተውም። ከዚያ ትንሽ ቬንትሌተር ውሃው ላይ እንዲነፍስ አዞርኩ። ወደ 26 ወረደልኝ! ውሃው ግን ቶሎ ይተናል። የጎደለውን ባጠራቀምኩት ንጹሕ የዝናብ ውሃ እሞላለሁ፤ በቧንቧ ውሃ ብቻ ከተሞላ ጨዉ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ጥግ መደበቃቸው ግን አልቀረም። አራት ብቻ ነበሩ፤ ለመንጋ ዓሣ ያንሳል። አስር ሳደርጋቸው መሃል ወጡ።

መብራት ከጠፋ ቬንትሌተሩም የለም። ያኔ በረዶ የሆነ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንሳፍፋለሁ።