«እኛ ዘር ዕድሜ አለን» ትላላችሁ? በደብተር አጣሩት

እንዲህ የማይል ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ዕድሜውንም፣ በእርጅና የማስታወሱንም ነገር ለማጣራት የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ወሬ የማይሰለቻቸው አክስቶች ናቸው።

መጀመሪያ የአራቱን አያቶቻችሁን ስም ጻፉ፤ ከሥራቸው ወንድም እህቶቻቸውን በሙሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። አንዲት አያት 95 ስለደፈኑ ዘሩ ሁሉ ባለ ዕድሜ አይሆንም፤ አብረዋቸው የተወለዱት ስንት ስንት ዓመት ኖሩ?

ከዚያ ዕድሜ። የልደት ሰርተፊኬት ፍለጋ አትድከሙ፣ በዘመን አስሉት። «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይሉ የነበሩ ሰው በ1928 ዓ.ም. ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ስለዚህ የተወለዱት 1920 አካባቢ ነው። በ2012 ካረፉ 92 ሆነ። ለቅሶ ላይ 110 ተብሎ ይሆናል፤ እናንተ ዝም ብላችሁ 92 ጻፉ።

አጠገቡ በምን እንደሞቱ አስፍሩ። በጦርነት ወይም በወሊድ የሄደ ሰው ስለ ዘራችሁ ብዙ አይነግራችሁም፣ አክብባችሁ እለፉት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጭንቅላት። «ያስታውሱ ነበር?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ መልሱ ሁሌም «እንደ ወጣት!» ነው። ይልቅ ገንዘባቸውን እስከ መቼ ራሳቸው ይይዙ ነበር? የሚያውቁት መንገድ ጠፍቷቸው ያውቃል? አንዱን ጥያቄ እዚያው ይደጋግሙ ነበር? (የልጆችን ስም ማምታታት አይቆጠርም፤ እናቴ በ40 ዓመቷም ሁላችንን ጠርታ ነበር እኔ ጋ የምትደርሰው።) «ጃጅተው ነበር» ከተባለ በስንት ዓመታቸው እንደጀመራቸው ጠይቁ፤ በ60 የጀመረና በ90 የጀመረ አንድ አይደለም። 65 ዓመት ሳይሞላቸው የጀመራቸው ሁለት ሦስት ዘመዶች ካገኛችሁ ደብተሩን ይዛችሁ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ውጤቱን ስታዩ አትደንግጡ፣ አትኩራሩም። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ የዴንማርክ መንታዎች ጥናት ሰዎች በሚኖሩት ዕድሜ መካከል ካለው ልዩነት ለዘር የሰጠው ሩቡን ያህል ነው። ኤፒኦኢ የሚባለው ዘረ መል 2፣ 3 እና 4 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሦስት ዓይነቶች አሉት፤ ቁጥር 4 የሚባለው አልዛይመር ለተባለው የመርሳት በሽታ ያጋልጣል፣ ግን ያለበት ሁሉ አይታመምም። ደም ግፊትና ስኳር አእምሮን ይጎዳሉ፣ ስለዚህ በደብተሩ ላይ ከተደጋገሙ ከ40 በፊት መለካት ጀምሩ።

አክስታችሁን ስታናግሩ መጮህ ካስፈለጋችሁ ደግሞ ጆሯቸውን አስመርምሩላቸው፤ ሳይታከም የቆየ የመስማት ችግር የመርሳት በሽታን ስጋት ከሚጨምሩት አንዱ ነው።