ክሩዘር ሞተር በወሎ ኩርባ፦ ምን ያስቸግራል? እንዴትስ ይስተካከላል?

ክሩዘር ሞተር የሚያምርበት ረጅምና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ መሪው ሰፊ፣ እግር ወደፊት የሚዘረጋበት። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቀጥ ያለ መንገድ ብዙ የለም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያች አጭር መንገድ ሐረጎን አቋርጠን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። ከወልዲያ ወደ ድልብ የሚወጣው ዳገትም አይተናነስም። ሱቅ በር ላይ ሶፋ የመሰለው ሞተር እዚህ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል።

አንዳንዱ ችግር በመፍቻ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ በአነዳድ። የቀረው ግን ከሞተሩ አሠራር የመጣ ነው። እሱን ማስተካከል የሚቻለው ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ብቻ ነው።

ኩርባ ላይ ከስር ይፋቃል

ሞተሩ ጋደም ሲል የብረት ድምፅ ትሰማላችሁ። የክሩዘር ሆድ ለመሬት ቅርብ ነው፣ እግር ማሳረፊያው ደግሞ ወደ ጎን ወጣ ያለ ነው። ከኋላ ሰው ስታፈናጥጡ ሞላው ይጨመቅና ክፍተቱ የባሰ ይጠባል።

መጀመሪያ የሚነካው ምን እንደሆነ እወቁ። ወርዳችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የተፋቀው የሚታጠፈው እግር ማሳረፊያ ጫፍ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። ሲነካ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ጉዳት የለውም። ማርሚታው፣ ማቆሚያው ወይም ሻንሲው ከሆነ ግን አደገኛ ነው። እነሱ አይታጠፉም፤ ጎማውን ከአስፋልቱ አንስተው ሊጥሏችሁ ይችላሉ።

ሰው ወይም ዕቃ ስትጭኑ የኋላ አሞርዛተሩን ማጥበቂያ አንድ ሁለት እርከን ከፍ አድርጉት። ፍሬናችሁን ኩርባው ከመጀመሩ በፊት ጨርሱ። መሃል ላይ መፋቅ ከጀመረ ቤንዚኑን በድንገት አትዝጉ፣ ፍሬንም አትጨብጡ። ቤንዚን ድንገት ሲዘጋ ሞተሩ የበለጠ ዝቅ ይላል። እንደያዛችሁ ቀጥሉና ትከሻችሁን ወደ ኩርባው ውስጥ አስገቡ። ሞተሩ ትንሽ ቀና ይላል፣ ድምፁም ይጠፋል።

ገና ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ፣ ሙሉ እግር የሚያሳርፍ ሰፊ ጠፍጣፋ ያለውን ለዚህ አገር አልመክርም። ከሌላው ቀድሞ መሬት የሚነካው እሱ ነው።

አልታጠፍ ይላል

የቀኝ ኩርባ ይሰፋባችኋል። ሲሰፋ የምትገኙት ከፊት ለፊት የሚመጣው ከባድ መኪና መስመር ላይ ነው። የደሴ ኮምቦልቻን መንገድ የሚያውቅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

አንዱ መንስኤ ርዝመት ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት ሲረዝም ሞተሩ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይረጋል፣ መታጠፍ ላይ ግን ይሰንፋል። ባጃጅ አቬንጀር 220 የተባለው ክሩዘር ላይ ይህ ርቀት 1,490 ሚሊ ሜትር ነው። ሮያል ኢንፊልድ ሜቲዮር 350 ላይ 1,400 ነው። 9 ሴንቲ ሜትር ሲነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ጠባብ ኩርባ ላይ ግን ትታወቃለች። በሌላ በኩል ሜቲዮር 191 ኪሎ፣ አቬንጀር 163 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ግቢ ውስጥ መግፋትና ቁልቁለት ላይ ማቆም በአቬንጀር ይቀላል።

ርዝመቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ጎማውን በመዳፋችሁ ዳብሱት። መሃሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዙ እንደ ደረጃ ከታወቃችሁ አርጅቷል። እንዲህ ያለ ጎማ መጀመሪያ አልተኛም ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይወድቃል። ለውጡት። ነፋሱንም ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳ ለኩ። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ በጋለ ጎማ የምትለኩት ቁጥር ያሳስታችኋል።

ቀጥሎ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱና መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ አዙሩ። መሃል ላይ ያዝ ካደረገ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። መካኒክ ጋ ውሰዱት።

የቀረው አነዳድ ነው። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደፊት ገፋ አድርጉ። ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን የሚተኛው እንዲህ ሲደረግ ነው። ትንሽ ሞተር የነዳ ሰው ሳያውቀው ያደርገዋል። ረጅሙን ሞተር ግን አውቃችሁ ግፉት። ዓይናችሁንም ከገደሉ አንሱና ኩርባው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጣሉት። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል።

ውጫሌ ሳይደረስ ወገብ ያማል

እግር ወደፊት ሲዘረጋ የሰውነት ክብደት በሙሉ መቀመጫው አጥንት ላይ ያርፋል። ጉድጓድ ሲመጣ በእግራችሁ ብድግ ብላችሁ ማሳለፍ ስለማትችሉ ዱላውን ወገባችሁ ይቀበለዋል። የክሩዘር የኋላ አሞርዛተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ወፍራም ስፖንጅ ማሰፋት ለጊዜው ያስታግሳል። መሪውን ትንሽ ወደ ራሳችሁ ማምጣትም ይረዳል። መሠረቱ ግን የእግር ቦታ ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ይህን ሞክሩ። ሞተሩን ሰው ይያዝላችሁ። ተቀመጡ፣ እግራችሁን ማሳረፊያው ላይ አድርጉ፣ መሪውን ሳትስቡ ብድግ ለማለት ሞክሩ። ካልቻላችሁ እግራችሁ ለዚህ መንገድ በጣም ወደፊት ሄዷል። ሆንዳ ሬብል 500 በጎማዎቹ መሃል ያለው ርቀት ከአቬንጀር 220 ጋር እኩል ነው፤ ነገር ግን እግር የሚያርፈው መሃል አካባቢ ስለሆነ ሰውነት እንደልብ ይንቀሳቀሳል። ካዋሳኪ ቫልካን ኤስ ላይ ደግሞ ማሳረፊያው በ3 ቦታ ይስተካከላል። ለእኔ ከፈረስ ጉልበቱም ከውበቱም ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይላላል

ሐረጎን ወርዳችሁ ስታጋምሱ የፍሬኑ እጀታ ወደ መሪው እየቀረበ ይመጣል። ወይም የኋላው ትረግጡታላችሁ እንጂ አይዝም። የቃጠሎ ሽታም አለ።

የኋላ ከበሮ ፍሬን ሲግል ከበሮው ይሰፋል፣ ሸራውም ጉልበት ያጣል። የዲስኩ ችግር ሌላ ነው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት እርጥበት ይስባል። ሲግል ያ ውሃ ይፈላና አረፋ ይሠራል፤ እናንተ የምትጨብጡት አረፋውን ነው።

መፍትሄው ከማርሽ ይጀምራል። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ መውረድ የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። ፍሬኑን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት እንጂ ሙሉ ቁልቁለቱን ጨብጣችሁ አትውረዱ። ከላላ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና በራሱ ይቀዝቅዝ፤ ውሃ አታፍስሱበት፣ ዲስኩን ያጣምመዋል። ዘይቱን በ2 ዓመት አንዴ ለውጡ። የትኛው ዓይነት እንደሚገባ ክዳኑ ላይ ተጽፏል።

ደሴ ላይ ጉልበት ያንሰዋል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ግን በዚህ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፍቱና እዩ፤ ጥቀርሻ ከለበሰ መካኒኩ አነስ ያለ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ቁራጭ) ይግጠምለት። አብዛኛውን ጊዜ ቆላ የምትነዱ ከሆነ ግን አታስነኩት።

ያገለገለ ክሩዘር ስትገዙ ደግሞ ከዋጋው በፊት የእግር ማሳረፊያዎቹን ጫፍ ከስር እዩ። ሁለቱም በኩል እኩል ከተፋቁ ኩርባ ላይ የተነዳ ሞተር ነው፣ ምንም አይደለም። አንዱ ብቻ ከተጣመመና በዚያው በኩል የመሪው ጫፍ ከተጫረ ግን ወድቋል። ያኔ ከኋላ ቆማችሁ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ።