በልጅ ፊት ዝቅ ማለት፦ ከቁጣ በኋላ ይቅርታ እንዴት ይጠየቃል?

በእኛ ቤት ይቅርታ የሚሄደው ከታች ወደ ላይ ነው። ልጅ ያጠፋል፣ ጉልበት ይስማል፣ ወላጅ ይመርቃል። ወላጅ ያጠፋ እንደሆነ ግን መንገዱ ይጠፋዋል። ሲጮህ ያመሸ አባት በማግስቱ ብስኩት ይዞ ይገባል፤ እናት ከወጡ ሥጋውን መርጣ ታጎርሳለች። ልጁ ጉርሻውን ይቀበላል። ጥፋቱ የማን እንደነበር የነገረው ስለሌለ ግን "የኔ ነው" ብሎ ይተኛል። ለንስሐ አባት መስገድ አይከብደንም፤ ለስድስት ዓመት ልጅ "አጥፍቻለሁ" ማለት ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ወላጅነት ትሕትናን የሚያስተምረው ቃሉ የቆመበት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

መቼ?

ደም እንደፈላ አይሁን። ፊት ታጥቦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ትንፋሽ ሲረጋ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከዚያ በላይ ማቆየት አይጠቅምም፤ ነገሩን ይረሳዋል፣ ፍርሃቱ ይቀራል። ለትልቅ ልጅ እስከ ማታ መቆየት ይቻላል። ለነገ ግን አይደር። በኤፌሶን 4፥26 "በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ" የተባለው ለባልና ሚስት ብቻ ይመስል ልጅን እንረሳለን።

እንዴት?

በርጩማ ላይ ወይም መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ዐይናችሁና የልጁ ዐይን እኩል ይሁን። ቆሞ ቁልቁል የሚባል ይቅርታ ትእዛዝ ይመስላል። ስልኩን ሌላ ክፍል ተዉት። ንግግሩ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይለፍ፦ ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩ፣ ጥፋቱን ውሰዱ፣ ይቅርታ ጠይቁ።

"ቅድም ወተቱ ሲደፋብህ 'ደንቆሮ' አልኩህ። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።"

እዚህ ላይ አፍ ይዘጋል። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል "ግን" ነውና። "ግን አንተም ተጠንቀቅ"፣ "ግን ስንቴ ነገርኩህ"። "ግን" ከገባች ይቅርታው ክስ ሆኖ ያርፋል። "አናደድከኝ እኮ" የምትለውም እህቷ ናት። ወተቱን መወልወል የልጁ ሥራ ከነበረ አይቀርለትም፤ እሱ ሌላ ጊዜ፣ ለብቻው ይነገራል።

ስድቡ የወጣው በወንድሞቹ ወይም በእንግዳ ፊት ከሆነ ይቅርታውም እነዚያው ሰዎች ባሉበት ይባላል። ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። በሰው ፊት አዋርዶ በጓዳ መካስ ሂሳቡን አይዘጋም።

ትንሽ ልጅ ብዙ ጊዜ "እሺ" ብሎ ወደ ጨዋታው ይሮጣል፤ ተዉት። ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው ዝም ሊል ወይም "አላደርግም" ሊል ይችላል። "እሺ፣ እጠብቃለሁ" ብላችሁ ተነሡ። እቅፍ አትለምኑ። በተለይ "ይቅር ካላልክ እግዚአብሔር ያዝንብሃል" አትበሉ፤ የተበደለው እሱ ሆኖ ሳለ ዕዳው ወደ እሱ ይዞራል።

አያት ቤት ውስጥ ካሉ "ለልጅ ይቅርታ? አናትሽ ላይ ይወጣል!" ማለታቸው አይቀርም። በልጁ ፊት አትከራከሩ። "እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ስለነበር ነው" ማለት ይበቃል፤ ሌላው ልጁ ከተኛ በኋላ ቡና ላይ ይወራል።

የት ይበላሻል?

ትልቁ ብልሽት እንባ ነው። "እኔ መጥፎ እናት ነኝ" እያሉ ማልቀስ ትሕትና ይመስላል፤ ልጁ ግን የራሱን ሐዘን ትቶ እናቱን ማባበል ይጀምራል። ራስን መውቀስም ስለ ራስ ማውራት ነው። እንባው ለጸሎት ይቆይ።

ሌላው ድግግሞሽ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለአንድ ዓይነት ጥፋት ይቅርታ ከተባለ ልጁ ቃሉን መስማት ያቆማል። ያኔ ትንሽ ደብተር ያዙ። ለ7 ቀን ከእያንዳንዱ ቁጣ በኋላ ሰዓቱን፣ እህል ከቀመሳችሁ ምን ያህል እንደቆያችሁ፣ ማን እንደነበረና የወጣውን ቃል እንዳለ ጻፉ። ብዙውን ጊዜ ቁጣው ከልጁ ጠባይ ይልቅ ከሰዓቱ ጋር ይገጥማል።

በዐቢይ ጾም ይህ ጎልቶ ይታያል። በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚጾም ሰው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ባዶ ሆዱን ነው፤ ቡና አልቀመሰም፣ ራሱን ያመዋል። የቤት ሥራው የሚከፈተው፣ ጫማው የሚጠፋው በዚያ ሰዓት ነው። በ55ቱ ቀን ውስጥ ሲደጋገም ልጁ ጾም ማለት እናት የምትቆጣበት ወቅት እንደሆነ ይማራል። ሥጋ ትቶ ልጁን በምላሱ የሚበላ ጾመኛ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የቤት ሥራው ከማዕድ በኋላ ይሁን፤ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ ያግዝ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት የጾሟን ልክ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር።

ደብተሩ ለንስሐም ይጠቅማል። ብዙ ሰው ያፈረሰውን ጾምና የቀረበትን ቅዳሴ ይናዘዛል፤ ልጁ ላይ የወረወረውን ቃል እንደ ኃጢአት አይቆጥረውም። "ተቆጥቻለሁ" ብሎ በጅምላ ከማለፍ ቃሉን፣ የልጁን ዕድሜና ስንት ጊዜ እንደሆነ መናገር ይሻላል፤ ካህኑም ምክሩን የሚለካው በዚያ ነው። ቅደም ተከተሉ በማቴዎስ 5፥23-24 እንዳለው ነው፦ መጀመሪያ የተበደለው ዘንድ፣ ከዚያ መሠዊያው ዘንድ። እጅ የሚሰነዘር ከሆነ ግን ይቅርታ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያው ሳምንት ከምታምኑት ሰው ወይም ከባለሙያ እርዳታ ጠይቁ።

ልጁ ሲያርማችሁ

ስልክ ይጮኻል፤ አባት "የለም በለው" ይላል፤ ልጁ "አለህ እኮ!" ይላል። "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" የሚለው ተረት የሚመዘዘው እዚህ ላይ ነው። በተረቱ ፈንታ "ልክ ነህ፣ ላስዋሽህ ነበር" በሉና ስልኩን ራሳችሁ አንሡ፤ ለደዋዩ "አሁን አይመቸኝም፣ ማታ እደውላለሁ" በሉት። አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ነው፤ ቅር የሚላችሁ ስሜት ግን ትንሽ ይቆያል።

አብሮ የሚጸልይ ቤተሰብ "አባታችን ሆይ" ከማለቱ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ይበል። ከወላጆች አንዱ ከቀኑ ያጠፋውን አንድ ነገር ይናገር። ልጆቹን ግን አታስገድዱ፤ ተራ ተጠብቆ የሚናዘዙበት ከሆነ ጸሎቱ ችሎት ይሆናል።

በሩን ዘግቶ ለተቀመጠ ጎረምሳ ያንኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በበሩ ሥር አስገቡ። በስልክ አትላኩት፤ አየው አላየው እያሉ መጠበቅ ይመጣል። አንብቦት እንደሆነ አትጠይቁ። እራት ሲቀርብ እንደ ወትሮው ጥሩት።