ለጀማሪ የሚሰጥ የሊኑክስ መጫኛ፦ የት ይሰናከላል፣ በምን ይስተካከላል

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ካቆመ ወዲህ፣ ሐዋሳ ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ "ሊኑክስ ጫንልኝ" የሚል ሰው በዝቷል። ይህ ጽሑፍ ፍላሽ ላይ ኢሜጅ መጻፍና ከባዮስ ማስነሳት ለምታውቁ፣ ግን መጫኛውን ሌላ ሰው ብቻውን እንዲጨርሰው አዘጋጅታችሁ ለምትሰጡ ነው።

"ፓስወርዴን እምቢ አለኝ"

ከሁሉ የበዛው ይሄ ነው። መጫኑ ያለ አንዳች ስህተት ያልቃል፤ ማሽኑ ተነስቶ የመግቢያው ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ አሁን የወጣው ፓስወርድ "ትክክል አይደለም" ይባላል። ሰውየው አልረሳውም፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ይዞታል።

መንስኤው ኪቦርዱ ነው። ጀማሪ ቋንቋ ሲጠየቅ አማርኛ ይላል፣ ኪቦርድ ሲጠየቅም አማርኛ ይላል። ሌላ ምን ይበል? ቀጥሎ ፓስወርድ ሲጽፍ የሚያየው ጥቁር ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ የገባው የግዕዝ ፊደል ይሁን የላቲን አያውቅም። "ድገም" ሲባል በዚያው ኪቦርድ ይደግማል፤ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። የመግቢያው ገጽ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ሲነሳ ግን ያው ጣት ያንኑ ቁልፍ ተጭኖ ሌላ ፊደል ያስገባል።

አቶቴ አካባቢ አንዲት መምህርት የልጃቸውን ስም ነበር ፓስወርድ ያደረጉት። "የልጄን ስም እሳሳታለሁ እንዴ?" ብለው ተቆጡ፣ እውነታቸውንም ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ካለችው የቋንቋ ምልክት ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መልሰን እነዚያኑ ቁልፎች ሲጫኑ ወዲያው ገባ።

ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። አማርኛው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ከማስነሻው ሜኑ ሪከቨሪ ሞድ ግቡና በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው የአስተዳዳሪ አካውንት) አዲስ ፓስወርድ ስጡ። ፓስወርድ መቀየሪያው ትእዛዝ እምቢ ካለ ዲስኩ ለማንበብ ብቻ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ለመጻፍም እንዲሆን አድርጋችሁ ድገሙት። እንደ ገና አትጫኑ! ለዚህች ብቻ ብሎ ዲስክ የሚያጠፋ ባለሙያ አይቻለሁ፣ ያናድዳል።

ዲስኩ ሲጫን ተመስጥሮ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ዲስኩን የሚከፍተው የምስጢር ሐረግ የሚጠየቀው ዴስክቶፑ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ እዚያ ሆኖ ኪቦርድ መቀየር ለጀማሪ የማይታሰብ ነው። አንድ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እንደያዘ እንዲህ ቆልፎበት መጣ። ለካ አብሮት የሚኖር ልጅ "ላስተካክልልህ" ብሎ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮለት ኖሯል። በሉክስ (በሊኑክስ የዲስክ መመስጠሪያ) የተመሰጠረ ዲስክ ያለ ሐረጉ በማንም አይከፈትም። ያዳነን ፍላሹ ነው፦ ሳንጭን ከፍላሹ አስነሳን፣ ኪቦርዱን አማርኛ አደረግን፣ ሐረጉን እንደ ድሮው አስገባ፣ ተከፈተ። እዚያው በዲስኮች ፕሮግራም ሐረጉን በላቲን ፊደል ቀየርንለት። ፋይሉን ግን አስቀድመን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠናል፤ እናንተም ቅደም ተከተሉን እንዳታዛንፉ።

ሁነኛው መፍትሄ መጫኛው ላይ ነው። ካላማሬስ የሚባለውን የመጫኛ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የገጾቹ ቅደም ተከተል ከቅንብር ፋይሉ ይስተካከላል። እንግሊዝኛው ኪቦርድ ሁልጊዜ አንደኛ፣ አማርኛው ሁለተኛ ሆኖ ይግባ። ኪቦርድ መምረጫው ገጽ ላይ መሞከሪያ ሳጥን ይኑር፤ ፓስወርዱ አጠገብ ማሳያ ዓይን ይኑር፤ የሚሠራው ኪቦርድ ስም እዚያው ይታይ። የግዕዝ ፊደል ከገባም "ልክ ያልሆነ ግቤት" አትበሉት። "ኪቦርድዎ አማርኛ ላይ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ" በሉት። ሰው የሚያደርገውን ካልነገራችሁት መልእክቱ ምን ይሠራል?

"መጫኛው ዲስኩን አያየውም"

ባዮሱ ውስጥ የኢንቴል አርኤስቲ የሚባለው የዲስክ ሁነታ በርቷል። ኤኤችሲአይ ወደሚባለው መደበኛ ሁነታ መቀየር ነው፤ ግን ዊንዶውሱ የሚቀር ከሆነ ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። አስቀድማችሁ ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዙት፣ ባዮሱን ቀይሩ፣ አንዴ በሴፍ ሞድ አስነሱት፣ ከዚያ ወደ መደበኛው መልሱት። ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ የቢትሎከርን (የዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያን) ባለ 48 አሃዝ መክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉ። ባለቤቱ "ቢትሎከር የለኝም" ቢል አትመኑ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት የገባ ሰው ሳያውቀው ሊበራበት ይችላል። ለዚህ መጫኛው "ዲስክ አልተገኘም" ብሎ ከሚዘጋ ምክንያቱን በአማርኛ ይናገር።

"መሃል ላይ ቀጥ አለ"

ፍላሹ ነው። ፒያሳ በርካሽ የሚገዛው "64 ጊጋ" ውስጡ 8 ሲሆን ያጋጥማል፤ ከዚያ በላይ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ፕሮግራም ሳትፈትኑ ለሰው አትስጡ። ከጻፈ በኋላ መልሶ የሚያመሳክር እንደ ባሌና ኤቸር ያለ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይም አትጫኑ፤ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍፍል) እየተቀየረ መብራት ከሄደ የሰው ፎቶ አብሮ ይሄዳል። መጫኛው ቻርጅ ላይ አለመሰካቱን ካየ ማስጠንቀቅ ብቻ ሳይሆን "ቀጥል" የሚለውን ይከልክል።

"'ቀጥል' የሚለው የለም"

የትናንሽ ስክሪኖች ችግር ነው፤ አዝራሩ ከታች ተቆርጧል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ መስኮቱን በማውስ ወደ ላይ ጎትቱት። ስታዘጋጁ ገጹን በ1024 በ768 ስክሪን ፈትኑ። ፊደሉ በሳጥን ከታየም የግዕዝ ፎንት አልገባም፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ኢሜጁ ውስጥ ይግባ።

"አንባቢው ዝም ብሎ 'አዝራር፣ አዝራር' ይላል"

ማየት የተሳነው ተጠቃሚ ኦርካን (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን ፕሮግራም) አብርቶ የሚሰማው ይሄን ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ አዝራሮቹ በሥዕል ብቻ ተሠርተው ስም አልተሰጣቸውም። ለእያንዳንዱ ስም ስጡ፣ ከዚያ ስክሪኑን አጥፍታችሁ በታብ ቁልፍ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጫኑ። ዴቢያን መነሻ ሜኑው ላይ ድምፅ አሰምቶ ኤስና ኢንተር ሲጫኑ በንግግር የሚመራ መጫኛ ይከፍታል፤ የእናንተም ከዚያ ማነስ የለበትም።

"ዊንዶውስ ላይ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ"

ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይይዛል፣ ዊንዶውስ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል። ሁለቱ አብረው የሚኖሩ ከሆነ ሊኑክሱ በአካባቢ ሰዓት እንዲይዝ አድርጉት።