በሳነቴ አምባ የመኪና መንገድን ከዱር እንስሳትና ከግጦሽ ጋር ለማስማማት የሚረዳ መመሪያ

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ ከእርሱ የሚገነጠል ቅርንጫፍም 4,377 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ያደርሳል። በዚህ ሜዳ መኪናው፣ ቀይ ቀበሮውና የአርብቶ አደሩ ከብት ስለሚገናኙ፣ የፓርኩ ባለሙያዎች፣ የወረዳ አስተዳደሮችና አስጎብኚዎች ከመንገድ ውጭ የሚደረገውን ጉዞ በጋራ ሥርዓት ሊያስይዙት ይገባል።

በመጀመሪያ በመሬቱ ላይ የሚታየው የጎማ ዱካ ሁሉ፣ አሮጌውም አዲሱም፣ በጂፒኤስ ይመዝገብ። በዚያው ካርታ ላይ የፍልፈል ጉድጓድ የበዛባቸው ሜዳዎች፣ የቀበሮ ጉድጓዶች፣ ረግረጎችና ከብት ወደ ሆራ (ማዕድን ወዳለው ምንጭ) የሚነዳባቸው መስመሮች ይጨመሩ። ፍልፈሉ ቀድሞ ሊታይ ይገባል፤ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በዚሁ ተራራ ነው። ጎማ የጠቀጠቀው አፈር ለፍልፈሉ አይመችም፤ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት በዚህ ከፍታ ደግሞ አንዴ የተገፈፈ ዕፅዋት ቶሎ አይመለስም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ዱካ ለምን እንደተፈጠረ ይጠየቅ። ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይመስለኛል። በክረምት ዋናው መንገድ ጭቃ ሲቋጥር ሾፌሩ በዳር ይዞራል፤ ተከታዩ የፊተኛው ያቦካውን ሸሽቶ ትንሽ ራቅ ይላል፤ እንዲህ እያለ አንዱ መንገድ ሦስትና አራት ይሆናል። ስለዚህ የእገዳ ምልክት ከመተከሉ በፊት የጎን ቦይ ይቆፈር፣ ውሃ በሚያቋርጥበት ቱቦ ይቀበር፣ ጭቃ በሚይዘው ቦታ ጠጠር ይደፋ። ማለፊያ ያጣን ሾፌር መቅጣት አስቸጋሪ ነው፤ የሚቀጣው ስካውት (የፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ) ራሱ አያምንበትም። የተጠገነ መንገድ ግን ፍጥነትን ይጋብዛል፤ በዚህ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱ ቀበሮዎች ስላሉ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አብሮ ይሠራ።

የሚፈቀዱ መስመሮች ሲመረጡ የአሜሪካ የደን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ደንብ መርሕ ሊጠቅም ይችላል፤ በካርታ ላይ ለመኪና ተብሎ ያልተመለከተ መስመር ሁሉ ዝግ ነው። እንዲህ ሲሆን ምልክቱ ስለወደቀ ክፍት መስሎኝ ነው የሚል ማሳበቢያ አይኖርም። ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚወልድ፣ በጉድጓዱ አቅራቢያ የሚያልፍ ቅርንጫፍ ቡችሎቹ ጠንከር እስኪሉ ይዘጋ።

ካርታው ከመጽደቁ በፊት፣ ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ ከብታቸውን በየወቅቱ ወደ ከፍታው የሚያወጡ አርብቶ አደሮች ሐሳባቸውን ይስጡ። የትኛው ረግረግ መቼ እንደሚደርቅ ከማንም ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። የቱሪስቱን መኪና በዝምታ እያለፉ ግጦሹን ብቻ መከልከል ግን ስምምነቱን ከጅምሩ ያፈርሰዋል።

የተዘጋ ዱካ ከዋናው መንገድ በሚታይበት አፉ ላይ በድንጋይ ይሸፈን፤ ቁልቁለት ከሆነም ጎርፍ ቦይ እንዳያደርገው ድንጋይ በአግድም ይደርደርበት። ከሌላ አካባቢ የመጣ የሣር ዘር አይዘራበት። በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ ከአንድ ቋሚ ቦታ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ትኩስ የጎማ ዱካ ከታየም ስካውቱ ቅጣት ከመጻፉ በፊት በአቅራቢያው ያለውን የዋናውን መንገድ ሁኔታ ይመርምር።