ሐኪሞች አዲሱን ሲስተም እንዲቀበሉት
ፒያሳ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። የሕክምና መዝገብ በኮምፒውተር የሚይዝ ሲስተም ልታስገቡ ነው? ከሥልጠናው በፊት ተመላላሽ ክፍል ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ዶክተሯ ኮምፒውተር ላይ የጻፈችውን የወረቀት መዝገብ ላይ ትደግመዋለች? ድርብ ሥራ ከሆነ ብትጠላው እውነቷን ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚቀርበትን ቀን ቁረጡ። መብራት ሲጠፋ በምን እንደሚሠራም አብራችሁ ወስኑ።

መጀመሪያ የላብራቶሪ ውጤት የሚታይበትን ገጽ አሳዩ። ልብ የሚያሸንፈው እሱ ነው። በዲኤችአይኤስ 2 (የጤና መረጃ መሰብሰቢያና መላኪያ ሶፍትዌር) የሚላከው የወር ሪፖርትም ለበላይ ብቻ አይሁን፤ ለሐኪሞቹም ይድረስ።

እንግሊዝ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ግዙፍ የጤና ኮምፒውተር ፕሮግራም በ2011 እንዲፈርስ ተወስኗል። ሐኪሞች በቅጡ አለመማከራቸው አንዱ ምክንያት ነበር። እባካችሁ፣ የሲስተሙ ቅጽ ሳይጸድቅ አማክሯቸው።